ደመወዝ የሌለበት የትንፋሽ ባንድና መሪው

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ላለፉት 11 ዓመታት በአንድ የበጎ ፈቃደኞች የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ክላሪኔት ስጫወት ቆይቻለሁ። ከመካከላችን ደመወዝ የሚከፈለው የለም፤ ነርሱ፣ መምህሩ፣ ሾፌሩ፣ ተማሪውና ጡረተኛው በሳምንት አንድ ምሽት ተሰብስበን እንለማመዳለን። ባንዱን 30 ዓመት ያህል የመሩት አንጋፋው መሪያችን በዚህ ዓመት መጨረሻ ኃላፊነታቸውን ያስረክባሉ። ኮሚቴው ይህን ምክንያት አድርጎ የባንዱን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ እንዳዘጋጅ አደራ ሰጥቶኛል። መጻፍ ስጀምር ግን የማውቀው ሁሉ ስለ እሳቸው ብቻ ሆኖ አገኘሁት። አባላቱም «ያለ እሳቸው ባንዱ የለም» እያሉ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ይገፋፉኛል። ለመሆኑ የባንድ ታሪክ ማለት የመሪው ታሪክ ማለት ነው? ደግሞስ እንደኛ ያለ ማንም የማይከፍለው ባንድ ከየት መጣ? ታሪኩንስ ከምን አንሥቼ ልጻፈው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ሲመለስ የመጀመሪያው ሸክሙ ይቀልላልና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትንፋሽ ባንድ መጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የጦር ሠራዊት ንብረት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በ1782 በቪየና ያቋቋሙት የትንፋሽ ጓድ 8 ሰዎች ብቻ ነበሩት፤ 2 ኦቦ፣ 2 ክላሪኔት፣ 2 ሆርንና 2 ባሱን። ትልቁ ከበሮና ሲምባሉ ደግሞ ከኦቶማን ቱርኮች የጦር ሙዚቃ ተወስደው ወደ አውሮፓ ባንዶች የገቡ ናቸው። የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ በ1789 በርናር ሳሬት የተባለ ሰው 45 ያህል ሙዚቀኞችን ሰብስቦ የፓሪስ ብሔራዊ ዘብን ባንድ አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ባንድ በአደባባይ፣ ጣሪያ በሌለበት ቦታ፣ መግቢያ ላልከፈለ ሕዝብ የሚጫወት መሆኑ ተለመደ። ይሁን እንጂ መሣሪያውን የሚነፉት አሁንም ሙያተኞችና ወታደሮች ነበሩ፤ ነርሱና ሾፌሩ ገና አልመጡም።

እነሱን ያመጣቸው ዋናው ነገር ቫልቭ ነው። ይህን በሰፊው ልግለጸው፤ የእርስዎ ክላሪኔት ቫልቭ ባይኖረውም ከኋላዎ ከሚቀመጡት አብዛኞቹ እዚያ የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነውና። ቫልቭ ያልነበረው ትራምፔት አንድ ርዝመት ብቻ ያለው ቱቦ ነው። ተጫዋቹ ከንፈሩን እያጠበቀና እያላላ ማውጣት የሚችለው ያ ቱቦ በተፈጥሮው የሚሰጣቸውን ድምፆች ብቻ ነው። እነዚያ ድምፆች ከታች በኩል እርስ በርስ ስለሚራራቁ ዜማ አይሠራባቸውም፤ የሚቀራረቡት ወደ ላይ ሲወጣ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሳይሳሳቱ ለመቆም ደግሞ የብዙ ዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። ሃይንሪሽ ሽቶልትሰልና ፍሪድሪሽ ብሉመል በ1818 በበርሊን የፈጠራ መብት ያገኙበት ቫልቭ ይህን ለወጠው። ጣት ቫልቩን ሲጫን አየሩ በተጨማሪ ቱቦ በኩል ይዞራል፤ ቱቦው ስለሚረዝም ድምፁ ዝቅ ይላል። ዛሬ በምናውቀው ባለ ሦስት ቫልቭ ትራምፔት መካከለኛው በግማሽ ድምፅ፣ የመጀመሪያው በአንድ ሙሉ ድምፅ፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል ድምፅ ዝቅ ያደርጋሉ፤ እነዚህን በማጣመር የጎደሉት ድምፆች በሙሉ ይሞላሉ። ቀኑን ሙሉ በማሽን ወይም በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሲሠራ የዋለ ሰው፣ ከሥራ መልስ እየተማረ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀላል ዜማ መጫወት ቻለ። ከዚያ ወዲያ ቪልሄልም ቪፕሬክትና መሣሪያ ሠሪው ሞሪትስ በ1835 ቱባን፣ አዶልፍ ሳክስ ደግሞ በ1846 ሳክስፎንን በስማቸው አስመዘገቡ። ፋብሪካዎችም መሣሪያ በብዛት ማምረት ስለጀመሩ ዋጋው ወረደ።

በእንግሊዝ ሰሜናዊ ክፍል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችና የማዕድን ጉድጓዶች የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ፤ በ1853 በማንችስተር ቤል ቩ በተባለው ስፍራ የተጀመረው የባንዶች ውድድርም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ተመልካች የሚስብ ሆነ። እነዚህ የነሐስ ባንዶች ናቸው፤ እንደ እናንተ ክላሪኔትና ፍሉት የላቸውም። ነገር ግን ለታሪክዎ የሚጠቅም አንድ ብልሃት አላቸው። ከባስ ትሮምቦን በቀር ኖታቸው ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ (በኖታው መስመር መጀመሪያ በሚቀመጠው ምልክት) ይጻፋል፤ በቫልቭ መሣሪያዎቹም ላይ የጣት አያያዙ አንድ ነው። ስለዚህ ኮርኔት (ትራምፔት መሰል መሣሪያ) የሚጫወተው ቢታመም፣ ሌላ መሣሪያ የሚነፋ ጓደኛው ኮርኔቱን አንሥቶ ኖታውን ሊያነብ ይችላል። ይህ ሥርዓት ሰው በሚጎድልበት ባንድ ውስጥ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሰጥ፣ ሰው በጎደለበት ምሽት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። በስፔን ቫሌንሲያ ደግሞ እንደ ክላሪኔትና ፍሉት ያሉት የእንጨት መሣሪያዎችም ነሐሱም የተሟሉለት ባንድ በየከተማውና በየመንደሩ ሥር ሰደደ። እዚያ የባንዶች ውድድር ከ1886 ጀምሮ ይካሄዳል፤ ዛሬም በዚያ ክፍለ ሀገር ከ500 በላይ የሙዚቃ ማኅበራት አሉ። አብዛኞቹ አባላት እንደ እናንተ ቀን ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልመለስ። «ያለ እሳቸው ባንዱ የለም» የሚለው አባባል ከፍቅር የመጣ ነው፤ ፍቅሩን አከብራለሁ። እንደ ታሪክ ግን አልቀበለውም። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚገኘውን የአለንታውን ባንድ ይመልከቱ። ይህ ባንድ በ1828 በአደባባይ እንደተጫወተ ተመዝግቧል። አልበርተስ ማየርስ የተባለው መሪ በ1926 ሲረከበው ባንዱ 100 ዓመት ሊሞላው 2 ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። ማየርስ እስከ 1976 ድረስ፣ ማለትም 50 ዓመት ሙሉ መራው። በከተማው ባንዱን ያለ እሱ ማሰብ የማይችል ትውልድ አድጎ አርጅቷል ማለት ነው። ባንዱ ግን ዛሬም ይጫወታል። የማየርስን ታሪክ ብቻ የጻፈ ሰው ከእሱ በፊት የነበረውን ምዕተ ዓመትና ከእሱ በኋላ ያለውን ዘመን ሁሉ ጥሎ ያልፋል። ከዚህም በላይ ራሱን መሪውን ያሳንሰዋል፤ ምክንያቱም የመሪ ትልቁ ሥራ የተቀበለውን ሳይበተን ማስረከቡ ሲሆን፣ ይህ የሚታየው የተቀበለውና ያስረከበው ምን እንደነበረ ሲጻፍ ነው።

በሌላ በኩል፣ መሪውን ወደ ጎን ትተው ስለ ኮሚቴና ስለ ምርጫ ብቻ ቢጽፉም እውነቱን አያገኙትም። አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው የአንድን አካባቢ ባንድ መልክ ይቀይረዋል። በሰርከስ ባንዶች ውስጥ ያደገው ካርል ኪንግ በ1920 በአዮዋ ግዛት በምትገኘው ፎርት ዶጅ ከተማ የባንድ መሪ ሆኖ ገባ፤ በ1971 እስኪሞትም ኑሮውን እዚያው አደረገ። በ1921 የግዛቲቱ ምክር ቤት ከተሞች ነዋሪው በድምፁ ከፈቀደ ለባንድ የሚውል ግብር እንዲሰበስቡ የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጣ፣ ኪንግ ለዚያ ሕግ ማርሽ ደረሰለት። የእኔ ትኩረት ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ለሰርከስ የሚሆን ፈጣንና አስቸጋሪ ማርሽ መጻፍ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በርካታ ማርሾችን ሆን ብሎ ለተማሪና ለጀማሪ ባንድ በሚመች ደረጃ ጻፈ። የፊቱን ሰዎች ትንፋሽና ጣት ያውቅ ነበርና። የእርስዎም መሪ በ30 ዓመት ውስጥ ለባንዱ ብለው ያቀለሉት፣ የቀየሩት፣ በእጃቸው የገለበጡት ኖታ መኖሩ አይቀርም፤ የሕይወት ታሪካቸው ከባንዱ ታሪክ ጋር በትክክል የሚገናኘው እዚያ ላይ ነው።

ስለ መሪዎች ከተነሣ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በዘመኑ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው የባንድ መሪ ጆን ፊሊፕ ሱዛ፣ የአሜሪካን የባሕር ወለድ ጦር ባንድ 12 ዓመት መርቶ በ1892 የራሱን ባንድ ያቋቋመው ሰው፣ ሕይወቱ ያለፈው መጋቢት 6 ቀን 1932 በፔንሲልቬንያ ሬዲንግ ከተማ ነው። 77 ዓመቱ ነበር። ወደዚያ የሄደው ሪንጎልድ የተባለው የከተማዋ ባንድ የተመሠረተበትን 80ኛ ዓመት ሲያከብር በእንግድነት ሊመራ ነበር። ልምምዱን በራሱ ዝነኛ ማርሽ ጨርሶ ወደ ሆቴሉ ተመለሰ፤ በዚያው ሌሊት ዐረፈ። በሙያተኞች ፊት ቆሞ ዓለምን የዞረው ያ እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው በከተማ ባንድ ፊት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የበጎ ፈቃድ ባንድ ከሙያተኛው በታች ያለ፣ የመለማመጃ ደረጃ ብቻ ነው የሚሉትን ሰዎች ንግግር መስማት ይከብደኛል።

የመሪው ሥራ ከምን እንደተሠራ ለመጻፍ ደግሞ ሁለት ድርሰቶች ይረዱዎታል፤ ምናልባት ሁለቱም በኖታ ሳጥናችሁ ውስጥ ይኖሩ ይሆናል። የመጀመሪያው ጉስታቭ ሆልስት በ1909 ለትንፋሽ ባንድ የጻፈው በሚ ቤሞል (ከሚ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለው ድምፅ) ላይ የተመሠረተ ስዊት፣ ማለትም ባለ ብዙ ክፍል ድርሰት ነው። ሆልስት ራሱ ትሮምቦን ተጫዋች ስለነበር ባንድ ሁልጊዜ እንደማይሟላ ያውቃል፤ ስለዚህ ከየመሣሪያው ድርሻ ብዙዎቹን «ካለ ይጫወት፣ ከሌለም ይቅር» በሚል ምልክት ለይቶ አስቀመጣቸው። ሥራው የሚከፈተው በቱባና በዩፎኒየም ነው፤ ስምንት ሜዠር (በኖታ ላይ በቋሚ መስመር የሚለይ የምት ክፍል) ርዝመት ያለው ያ ዜማ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እየተላለፈ የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ ይዘልቃል። በሌላ ጊዜ «ኡም ፓ» ብቻ ሲነፉ ለሚያመሹት የቱባ ተጫዋቾች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላቸው አንዱን ይጠይቁና መልሱን በመጽሐፉ ያስገቡት። ሁለተኛው ፐርሲ ግሬንጀር በእንግሊዝ ሊንከንሺር ገጠር ከሰበሰባቸው የሕዝብ ዘፈኖች የሠራው ባለ 6 ክፍል ድርሰት ነው። በመጋቢት 1937 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ የተጫወተው ባንድ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ባንዶች አባላት ጭምር የነበሩበት ነው። ምቱ ከሜዠር ሜዠር የሚለዋወጥ አስቸጋሪ ክፍሎች ስለነበሩት በዚያን ዕለት ሊቀርቡ የቻሉት 3ቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ድርሰቱ ለትንፋሽ ባንድ ከተጻፉት ሥራዎች ሁሉ በግንባር ቀደምትነት ይቆጠራል፤ ሆኖም የመጀመሪያ ቀኑ ግማሽ ብቻ እንደነበር ታሪኩ አይደብቅም። እርስዎም አይደብቁ። ተጀምሮ የቆመው ኮንሰርት፣ ከፕሮግራም የወጣው ድርሰት፣ ዘጠኝ ሰው ብቻ የመጣበት የዝናብ ምሽት ይጻፍ፤ መሪው በእነዚያ ዘጠኝ ሰዎች ፊት ምን እንዳደረጉም አብሮ ይጻፍ።

ከምን አንሥተው እንደሚጽፉ የጠየቁኝ ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ከፍተኛው ምስክር በእጅዎ ነው። የሁለተኛ ክላሪኔትን አንድ አሮጌ ኖታ ከፎልደሩ አውጥተው በመስኮት ብርሃን ይመልከቱት። ከታተመው ቀለም ላይ የእርሳስ ጽሑፍ ተደራርቦ ያያሉ። ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ የምታሳይ ጭረት፣ የተረሳውን ቤሞል የከበበ ክብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ቀና በልና መሪውን እይ» ለማለት የተሣለች የመነፅር ምስል አለች። ያቺ መነፅር የተሣለችበት ሜዠር መሪው ፍጥነቱን የቀየሩበት ቦታ ነው። በሦስት የተለያዩ እጆች ሦስት ጊዜ ተሥላ ካገኙ፣ ሦስት ትውልድ ተጫዋች በአንዱ ቦታ ላይ ተሰናክሏል ማለት ነው። «ከዚህ እስከዚህ ዝለል» የሚል ምልክት ካለ የትኛው መሣሪያ በዚያ ዘመን እንደጠፋ ይጠይቁ። የኦቦው ሶሎ በትናንሽ ኖታዎች ክላሪኔቱ ላይ ታትሞ፣ በእርሳስ «አንተ ተጫወት» ተብሎ ከተጻፈበት ባንዱ ያኔ ኦቦ አልነበረውም። ከገጹ ጀርባ ደግሞ ብዙ ተጫዋቾች ስማቸውንና ያቀረቡበትን ቀን የመጻፍ ልማድ አላቸው። እኔ በበኩሌ ከየትኛውም የክብር የምስክር ወረቀት ይልቅ ይህን ዓይነት ገጽ አምናለሁ፤ ሲጻፍ ማንም ይየኝ ተብሎ አልተጻፈምና።

የኮንሰርት ፕሮግራሞችን በቅደም ተከተል ያስቀምጡና የተጫዋቾችን ዝርዝር ይቁጠሩ። የክላሪኔቶች ቁጥር ከዓመት ዓመት ሲወርድና የሳክስፎኖች ሲጨምር፣ ወይም የሴቶች ስም ከፍሉት ረድፍ ተነሥቶ ወደ ትሮምቦን ረድፍ ሲደርስ ያያሉ። አንጋፋ አባላትን ሲጠይቁ «ስለ መሪው ይንገሩኝ» አይበሉ፤ እንደዚያ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ የምስጋና ንግግር ያደርጋል። «መጀመሪያ የመጡ ዕለት የት ተቀመጡ? ከጎንዎ ማን ነበር? ምን ተጫወታችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የትውስታና የፕሮግራም ቀን ሲጋጭ የታተመውን ፕሮግራም ይያዙ። ባንዱን ትተው የሄዱትንም ያነጋግሩ፤ ከመሪው ጋር ተጋጭቶ የወጣ ሰው ቢኖር ቃሉን በጨዋነት ይስሙት። 30 ዓመት የመራ ሰው ማንንም አላስከፋም ብሎ የሚያምን አንባቢ የለም፤ መሪዎም ቢሆኑ በሐቅ የተጻፈን ነገር ከሙገሳ ይልቅ ሳይወዱት አይቀሩም። ኖታውን ለዓመታት ሲያስተካክል የኖረውን፣ ወንበር ቀድሞ መጥቶ የሚደረድረውን፣ ትልቁን ከበሮ በመኪናው የሚያመላልሰውን ሰው ስም መፈለግ እንዳይዘነጋዎት። ፎቶግራፎቹን ደግሞ ከሁሉም አስቀድመው ይያዟቸው፤ በሚቀጥለው ልምምድ ዕረፍት ሰዓት በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ አንጋፎቹ የሚያውቁትን ፊት ስም በየፎቶግራፉ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ እንዲጽፉ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ አንድ የበጎ ፈቃድ ባንድ ተቀላቅዬ ትሮምቦን እየተማርኩ ነው። መሪያችን ልምምዱን ሁልጊዜ በዝግታ በሚሄድ መዝሙር መሰል ዜማ ይጀምሩና ድምፅ የሚያስተካክሉን ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓታችን አጭር ሆኖ ሳለ ለምን መጀመሪያ አስተካክለው ወደ ዋናው ሥራ አይገቡም? ደግሞም «ሲ ቤሞል ስጡኝ» ሲሉ ጎረቤቴ ዶ ይጫወታል፤ ይህ ስሕተት አይደለም?

መልስ፦ መሪዎ ትክክል ናቸው። በትንፋሽ መሣሪያ ውስጥ ያለው አየር በሞቀ ቁጥር ድምፅ በውስጡ ይፈጥናል፤ ድምፁም ከፍ ይላል። ከቀዝቃዛ ሻንጣ በወጣ መሣሪያ ላይ የተስተካከለ ቅኝት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይበላሻል። ቀስ ያለው ዜማ መሣሪያውን ያሞቃል፤ ከዚያም በላይ ከሥራ ሮጦ የመጣውን ሰው ትንፋሽ ያረጋጋል፤ ረጅም ድምፅ ሲያዝም ጎረቤትን ለመስማት ጊዜ ይሰጣል። የጎረቤትዎም ዶ ስሕተት አይደለም። ብዙዎቹ የባንድ መሣሪያዎች ኖታቸው የሚጻፈው ከሚሰማው ድምፅ በተለየ ስም ነው። የሲ ቤሞል ትራምፔትና ክላሪኔት ዶ ብለው የሚያነቡት ድምፅ ለጆሮ ሲ ቤሞል ነው። ያንኑ ድምፅ አልቶ ሳክስፎን ሶል፣ ሆርን ደግሞ ፋ ብሎ ያነበዋል፤ እርስዎ በትሮምቦንዎ፣ ፍሉቷም በበኩሏ፣ በቀጥታ ሲ ቤሞል ብላችሁ ታነቡታላችሁ። ተንሸራታቹን ቱቦ ወደ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስገብተው፣ በመጀመሪያው ቦታ የሚያገኙት ድምፅ ነው፤ መሪዎ የመረጡትም ለነሐሶቹ አብዛኛዎቹ ምንም ቫልቭ ሳይጫኑ የሚያወጡት ስለሆነ ነው።